ባትሪው ባቡሩ ላይ፣ ሶላሩ ጣቢያው ላይ፦ የጓሮ ባቡር ጥያቄና መልስ ከባህር ዳር

ጋሼን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ዕድሜያቸውን በኤሌክትሪክ ሥራ ያሳለፉ፣ አሁን ደግሞ ሽምብጥ ሰፈር ካለው ጓሯቸው የትንሽ የሞዴል ባቡር ድምፅ የማይጠፋ ሰው ናቸው። ዛሬ ማታ የፈለጋችሁትን እንድትጠይቋቸው ፈቅደዋል። ጥያቄዎቹን እንደመጡ አስቀምጠናቸዋል።

ጋሼ፦ እንደምን አመሻችሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ፊውዝ ይግባ። ሞተሩ ሲታነቅ 4 አምፔር የሚስብ ከሆነ 5 አምፔር ፊውዝ በቂ ነው። አሁን ጠይቁ።

የፖሊ ተማሪ፦ ጋሼ፣ የመጫወቻ ባቡሮች ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከሃዲዱ ነው። እኛስ ለምን እንደዚያ አናደርግም? ባቡሩን ባትሪ ማሸከም ለምን አስፈለገ?

ጋሼ፦ ሳሎን ውስጥ ከሆነ እንዳልከው አድርግ። ጓሮ ግን ሌላ ነው። ኤሌክትሪክ ከሃዲድ ወደ መንኮራኩር የሚያልፈው ብረቱ ንጹሕ ሲሆን ነው። የእኛ ከተማ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ነው። የናስ ሃዲድ ዝናብ ሲመታው ይጠቁራል፤ ያ ጥቁር ሽፋን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። መገጣጠሚያዎቹም ይላላሉ። ባቡሩ ከጣቢያው ራቅ ሲል እየደከመ ይሄድና ማንጎው ሥር ሲደርስ ይቆማል። አንተም ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብለህ ሃዲድ ስታሽ ትውላለህ።

ባትሪው ባቡሩ ላይ ከሆነ ሃዲዱ መንገድ ብቻ ነው። ቢቆሽሽ ግድ የለም። ከምንም ልትሠራው ትችላለህ። የበርና የመስኮት አሉሚኒየም ከሚሠሩ ቤቶች ቁርጥራጭ ለምነህ መጀመር ትችላለህ። ከሥሩ የምታነጥፈው እንጨት ግን ባህር ዛፍ አይሁን፤ ይጣመምና የሃዲዱን ስፋት ያበላሽብሃል። ጽድ አድርገው። ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም።

የሁለት ልጆች እናት፦ ጋሼ እንደምን አመሹ? ቤታችን ጣና ዳር ነው። ልጆቼ የባቡሩ ጣሪያ ላይ ሶላር ለጥፈን በፀሐይ ብቻ ይሂድ ይሉኛል። ይሆናል?

ጋሼ፦ እግዚአብሔር ይመስገን እህቴ። ልጆቹ ጥሩ ነገር አስበዋል፤ እስኪ አብረናቸው እናስላው።

የባቡሩ ጣሪያ 40 ሳንቲ ሜትር በ10 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። እኩለ ቀን ላይ ጥርት ባለ ሰማይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1000 ዋት ገደማ የፀሐይ ጉልበት ያርፋል። ጣሪያው ላይ የሚያርፈው 40 ዋት ይሆናል። ጥሩ ፓኔል ከዚህ አንድ አምስተኛውን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል፤ ስለዚህ የሚያገኙት 8 ዋት ነው። ፉርጎ የሚጎትት ባቡር ደግሞ 10 ዋት ያህል ይበላል። ይህ እንግዲህ በቀኑ ምርጥ ሰዓት፣ ያለ ጥላና ያለ አቧራ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ዛፍ ሥር ሲገባ ከነጭራሹ ይጠፋል።

ስለዚህ ፓኔሉ ጣቢያው ላይ ይተከል። 20 ዋት የሆነች ትንሽ ፓኔል ትበቃለች። ባቡሩ ሲመለስ ይሞላል፣ ከዚያ ይወጣል። ልጆቹም ጣቢያ የመሥራት ሥራ ያገኛሉ።

አተካከሉን ልንገርዎት። ባህር ዳር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11.6 ዲግሪ ላይ ናት። ፓኔሉን ወደ ደቡብ አዙረው 12 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ያዘንብሉት። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፤ ቢሆንም ፓኔሉን አያዙሩት። ዘንበል ያለው ትንሽ ስለሆነ የሚጎድለው ብዙ አይደለም። ደግሞም ዘንበል ያለ ፓኔል አቧራውን ዝናብ ያጥብለታል። በበጋ ግን በእርጥብ ጨርቅ ማጽዳት የእናንተ ሥራ ነው።

ጥላን አይናቁ። በፓኔሉ ውስጥ ያሉት ሴሎች ተያይዘው በተከታታይ ነው የሚሠሩት። አንድ ሰፊ ቅጠል አንዱ ሴል ላይ ቢያርፍ የሌሎቹንም ፍሰት ያንቃል። የእኔ ጣቢያ አጠገብ ፓፓያ አለ። አንድ ቅጠል ወድቆ ጥግ ላይ ሲያርፍ አምፔሩ ከግማሽ በታች ሲወርድ በቴስተር አይቻለሁ። ቅጠሉን ሳነሳው ወዲያው ተመለሰ።

ጀማሪ ነኝ፦ ጋሼ ባቡሬ አይሄድም። ምን ላድርግ?

ጋሼ፦ ምን ዓይነት ባትሪ? ስንት ቮልት? ሞተሩ በቀጥታ ባትሪ ሲነካ ይዞራል? እነዚህን ለክተህ ተመለስ።

ባለ ባጃጅ፦ እኔ የባጃጅ ባትሪ ነው የምጠቀመው። የትም ይገኛል፣ በቀላሉ ይሞላል። ሊቲየም ሊቲየም የምትሉት ለምንድን ነው?

ላፕቶፕ ጠጋኝ፦ ወንድሜ፣ ያንን ድንጋይ ተሸክሞ የሚሄድ ባቡር አለ እንዴ? ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ የወጡ 3 ሴሎች ግማሽ ኪሎ አይሞሉም።

ባለ ባጃጅ፦ ያንተ ሴሎች ግን ቤት ያቃጥላሉ። የእኔ አያቃጥልም።

ላፕቶፕ ጠጋኝ፦ የማያውቅ ከያዘው ሁሉም ያቃጥላል። ያንተም ሾርት ሲሆን ሽቦ ያቀልጣል።

ባለ ባጃጅ፦ እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ባጃጅ ስነዳ ሽቦ ቀልጦብኝ አያውቅም።

ጋሼ፦ ሁለታችሁም ተዉት። ሁለቱም ቦታ አላቸው። እንደ ባጃጁ ዓይነት፣ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የሆነ የእርሳስ ባትሪ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ባቡር ላይ አይጫንም፤ ዳገት ላይ ሞተሩን ያደክመዋል። ጣቢያው ላይ ግን ጥሩ ነው። ቀን ፓኔሉ እሱን ይሞላል፣ ማታ እሱ የባቡሩን ባትሪ ይሞላል። ከግማሽ በታች እንዳታወርዱት ብቻ፤ ዕድሜው ያጥራል።

ባቡሩ ላይ ሊቲየም ይሁን። 3 ሴል በተከታታይ 11.1 ቮልት ነው። እያንዳንዱ 2 አምፔር ሰዓት ቢይዝ 22 ዋት ሰዓት አለህ ማለት ነው። 10 ዋት የሚበላ ባቡር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል።

የአሮጌ ሴል ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከ2 ቮልት በታች የወረደ ሴል አትሙሉ። ሲሞላ እጅ የሚያሞቅ ሴል አትጠቀሙ። ሞልታችሁ ሳምንት አቆዩትና ለኩት፤ ራሱን በራሱ የሚያፈስ ከሆነ አውጡት። በቮልትም በዕድሜም የተለያዩ ሴሎችን አታጣምሩ። ሴሎቹ ከልክ በላይ እንዳይሞሉና እንዳይወርዱ የሚጠብቀው መቆጣጠሪያ ሰርኪት፣ ቢኤምኤስ የምንለው፣ የግድ ነው። የተበላሸውን ሴል ደግሞ ጣና ውስጥ እንዳትጥሉ። እሳት ውስጥም እንዳትጥሉ። ያ ውኃ የሁላችን ነው።

ፊውዝም እንዳትረሱ።

የፋሲሎ ልጅ፦ ለቤት መብራት የገዛነው የሶላር ኮንትሮለር፣ ፓኔሉ ባትሪውን ሲሞላ የሚቆጣጠረው ዕቃ፣ አለ። የባቡሩን ሊቲየም በእሱ መሙላት እችላለሁ?

ጋሼ፦ ቆም በልና ስማኝ፤ ይህ አደገኛው ነገር ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ኮንትሮለሮች ለእርሳስ ባትሪ የተሠሩ ናቸው። እስከ 14.4 ቮልት ይገፋሉ። ይህንን ለ3 ሴል ስታካፍለው ለአንዱ 4.8 ቮልት ይደርሰዋል። ሊቲየም ሴል 4.2 ላይ ማቆም አለበት። ከዚያ በላይ ያብጣል፣ ከዚያ እሳት ነው። ቢኤምኤሱ ያቆመዋል ብለህ አትተማመን፤ እሱ የመጨረሻው ዘብ ነው እንጂ ቻርጀር አይደለም። ለ3 ሴል 12.6 ቮልት ላይ የሚያቆም ኮንትሮለር ፈልግ።

ወይም ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ተጠቀም። 4 ሴል በተከታታይ 12.8 ቮልት ነው፣ ሲሞላ 14.6 ይደርሳል። ስለዚህ 14.4 አይጎዳውም። ክብደቱ ትንሽ ይጨምራል፣ ግን ሙቀትና በደል በጣም ይችላል። ልጆች ባሉበት ቤት እኔ የምመክረው ይህንን ነው።

ኮንትሮለሩን ስታገናኝ መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ፓኔሉን። ስትነቅል በተቃራኒው። «12 ቮልት» የተባለ ፓኔል ባዶውን ሲለካ 21 ቮልት አካባቢ ነው። በቀጥታ ባትሪ ላይ የሚያስረው ሰው ባትሪውን እያበላሸ ነው።

ፔዳ ግቢ፦ ባቡሩን በስልክ መንዳት ፈልጌ ኢኤስፒ 32 የሚባለውን ባለ ዋይፋይ ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ገዛሁ። ኢንተርኔት ሲጠፋ ምን ይሆናል?

ጋሼ፦ ምንም አይሆንም። ኢኤስፒ 32 የራሱን ዋይፋይ ይከፍታል፣ ስልክህ ከእሱ ጋር ይገናኛል። ኢንተርኔት መሃል የለም።

ዋናው ነገር ሌላ ነው። ስልክህ ቢዘጋ ወይም ባቡሩ ከሲግናል ቢወጣ ምን ያደርጋል? በመጨረሻ የተሰጠውን ፍጥነት ይዞ ወደ አትክልቱ ይገባል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ላይ ጻፍ፦ ለአንድ ሰከንድ ትእዛዝ ካልመጣ ሞተሩ ይቁም። ይህን ያልጻፈ ሰው ባቡሩን ልጆች ፊት አያስነሳ።

ሁለተኛ፣ ዋይፋዩ የሚሠራበት 2.4 ጊጋኸርዝ እርጥብ ቅጠል አይወድም። ኮባው ጀርባ ሲግናል ከጠፋብህ የሚገርም አይደለም። ጓሮው ሰፊ ከሆነ 433 ሜጋኸርዝ ሬዲዮ የተሻለ ያልፋል። አንቴናውን በባቡሩ የቆርቆሮ አካል ውስጥ አትቅበረው፤ የባቡሩን ጣሪያ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ ሥራው። ሞተሩ ጫፎች መካከል 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በይድ፣ አለዚያ የብሩሹ ፍንጣሪ ሬዲዮህን ይረብሻል። የሞተር መንጃውም፣ ማለትም ከባትሪው ወደ ሞተሩ ኃይል የሚያቀብለው ሰሌዳ፣ ኤል 298 አይሁን። ወደ 2 ቮልት ራሱ ይበላና ሙቀት ያደርገዋል። ቢቲኤስ 7960 ይሻላል።

ማንነቴ ይቆይ፦ ይህ ሁሉ ስንት ብር ይፈጃል?

ጋሼ፦ ዋጋ አልናገርም። ሄዳችሁ ጠይቁ።

የድሬ ልጅ፦ ጋሼ፣ እኔ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው፣ አሁን እዚሁ ነኝ። የድሮውን ባቡር መሥራት እፈልጋለሁ። በመካከሉ 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ሃዲድ ላይ ከእውነተኛው ስንት ጊዜ ያነሰ ይሆናል?

ጋሼ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነው ያመሸሁት!

ከጅቡቲ አዲስ አበባ የነበረው የድሮው መስመር በሁለቱ ሃዲዶች መካከል አንድ ሜትር ስፋት ነበረው። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ደረሰ፣ አዲስ አበባ በ1917። 1000 ሚሊ ሜትርን ለ22.5 አካፍለው፤ 44.4 ይመጣል። የጓሮ ባቡር ሰዎች በዓለም ዙሪያ የሚጠቀሙበት 45 ሚሊ ሜትር ሃዲድ ለጠባብ መስመር ባቡር በ1 ለ22.5 የሚሠራውም በዚሁ ስሌት ነው። ስለዚህ የእኛ የድሮ ባቡር ለዚህ ሃዲድ የተለካ ያህል ነው። ምንም ማጭበርበር አያስፈልግህም።

የፖሊ ተማሪ፦ እኔ ግን አዲሱን የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር ነው የምሠራው። እሱ ነው ዘመናዊ።

የድሬ ልጅ፦ አዲሱ ምን ታሪክ አለው? ለገሃር ያደገ ሰው ጠይቅ።

የፖሊ ተማሪ፦ ታሪክ ብቻ ነው እንዴ የሚሠራው? አዲሱ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። ከላይ ሽቦ ዘርግቼ በሽቦው ኃይል አስኬደዋለሁ።

ጋሼ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ መጠኑ ግን ይለያያል። የአዲሱ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነው። ያንኑ 45 ሚሊ ሜትር ሃዲድ ለመጠቀም በ1 ለ32 መሥራት አለብህ። ሁለቱን በአንድ መጠን ሠርታችሁ አንድ ሃዲድ ላይ ብታቆሙ አንዱ ውሸት ይሆናል። የፖሊው፣ ሽቦህን ዘርጋ፣ ያምራል። ግን ለመልክ ብቻ ይሁን። እውነተኛው መስመር 25 ሺህ ቮልት ይሸከማል፤ ያንተ ባዶ ይቁም፣ ኃይሉ ከባትሪ ይምጣ።

የድሬው ልጅ፣ አንተ ሊቶሪናውን ሥራ። ራሱን በራሱ የሚነዳ አንድ ረጅም ሳጥን ነው፤ ሎኮሞቲቭ አይፈልግም። ሞተሩ ከሥር፣ ባትሪው ከመቀመጫው በታች፣ ሬዲዮው ጣሪያው ሥር ይገባል። ተከታይ የባትሪ ፉርጎ አያስፈልግህም። ርዝመቱን አስብበት ግን። 18 ሜትር የሆነ ፉርጎ በዚህ መጠን 80 ሳንቲ ሜትር ነው። ኩርባህን ሰፋ አድርገው፣ ከመሃል እስከ ሃዲዱ ሜትር ተኩል ቢሆን ደስ ይለኛል። ዳገቱም በ1 ሜትር ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ አይውጣ። ስትጨርስ አምጣው፤ የእኔ ሃዲድ ላይ እናስኬደዋለን።

ጀማሪ ነኝ፦ ጋሼ ለካሁ። ባትሪው 11.8 ነው፣ ሞተሩ በቀጥታ ሲነካ ይዞራል። ከዚያ አንድ ጊዜ ጪስ ወጣ፣ አሁን ምንም የለም።

ጋሼ፦ ፊውዝ ነበረው?

ጀማሪ ነኝ፦ የትኛው ፊውዝ?

ጋሼ፦ ልጄ፣ ከላይ ያለውን ከመጀመሪያው ጀምረህ አንብብ። የሞተር መንጃህ ተቃጥሏል። አዲሱን ከመግጠምህ በፊት ፊውዝ አስገባ፣ መንኮራኩሩም በእጅህ ሲዞር የማይታነቅ መሆኑን እይ።

የግሽ ዓባይ፦ እውነተኛው ባቡር ባህር ዳር መቼ ነው የሚገባው?

ጋሼ፦ ያንን እኔን አትጠይቁኝ። የባትሪ ጥያቄ ያለው?

የሁለት ልጆች እናት፦ የመጨረሻ ጥያቄ ጋሼ። ክረምት ሲገባ ባቡሩን እናስቀምጠዋለን። ባትሪውን ሞልተን ነው ወይስ ባዶውን?

ጋሼ፦ ሁለቱንም አይደለም። ሊቲየም ሙሉ ሆኖ ሲቀመጥ ያረጃል፣ ባዶ ሆኖ ሲቀመጥ ይሞታል። አይረን ፎስፌት ካልሆነ እያንዳንዱ ሴል 3.7 ወይም 3.8 ቮልት ላይ ይሁን። ከባቡሩ አውጥታችሁ በቆርቆሮ ወይም በሸክላ ዕቃ ውስጥ፣ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አኑሩት። ኢኤስፒው ተሰክቶ ከቀረ በቀስ በቀስ ያፈሰዋል፤ ስለዚህ ማብሪያ ማጥፊያውን ብቻ አትመኑ፣ ሶኬቱን ንቀሉ። በወር አንዴ ለኩት። የጣቢያው የእርሳስ ባትሪ ግን ተቃራኒው ነው፤ እሱ ሙሉ ሆኖ፣ ከፓኔሉ ጋር እንደተያያዘ ይክረም።