ከኮምቦልቻ ወልድያ በብስክሌት

ጥያቄ፦ ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው። ክረምቱ ሲወጣ በማርሽ ብስክሌት ወልድያ ድረስ ለመሄድ አስበናል። ቀኑን እንዴት እንከፋፍለው? ወደ ደሴ የሚያስወጣው የሐረጎ ዳገት አስፈርቶናል።

መልስ፦ አራት ቀን ያዙለት። የመጀመሪያው ቀን ደሴ ይብቃችሁ፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። በሁለተኛው ሐይቅ፣ በሦስተኛው በውጫሌ አልፋችሁ መርሳ፣ በአራተኛው ወልድያ ትገባላችሁ። ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ የጠነከረ ሰው በሁለት ቀን ይጨርሰዋል፤ ግን ሐይቅ ደርሶ ቆሮሶ ዓሣ ሳይበሉ ማለፍ ያስቆጫል። ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሾፌሮች ጠይቁ።

ሐረጎን አትፍሩት። ከፊት ትንሹን፣ ከኋላ ትልቁን ጥርስ ይዛችሁ እያወራችሁ መውጣት እስከቻላችሁ ድረስ ፍጥነቱ ልክ ነው። ማርሹን ዳገቱ ሳይጀምር ቀይሩ፤ ፔዳሉን በኃይል እየረገጡ መቀየር ሰንሰለት ይበጥሳል።

እኛን የሚያሳስበን ቁልቁለቱ ነው፤ በተለይ ከደሴ ወደ ሐይቅ የሚወርደው። ፍሬን ይዞ መንሸራተት ቸርኬውን ያግለዋል፤ ሙቀቱ የከመነዳሪውን (የውስጠኛውን ጎማ) ማጣበቂያ ያላላና የተለጠፈው ይለቃል። ስለዚህ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ልቀቁ፣ እንደገና ያዙ። ከመነሳታችሁ በፊት የፍሬኑን ጎማ እዩት፤ ፊቱ ላይ ያሉት ቦዮች ከጠፉ ቀይሩት።

ጎማ ከተነፈሰ ቀዳዳውን አጥኑት። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካለ ንፋሱ አንሶ ጉድጓድ ላይ ቸርኬው ቆርጦታል፤ የኋላውን ጎማ ወደ 50 ፒኤስአይ (በንፋስ መለኪያው ላይ PSI የሚለው) ከፍ አድርጉት። አንድ ብቻ ከሆነ እሾህ ነው። የውጭውን ጎማ ውስጡን ቀስ ብላችሁ በጣት ዳስሱ፤ እሾሁን ካልነቀላችሁት አዲሱንም ከመነዳሪ ይበሳዋል። ስትለጥፉ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ ማጣበቂያውን በስሱ ቀቡና እጅ እስከማይዝ ድረስ 5 ደቂቃ ጠብቁ። ብዙ ሰው እርጥቡ ላይ ይለጥፍና ማግስቱን ጎሚስታ ፍለጋ ይገባል።

ለስንቅ በሶ ከምንም ይሻላል። ዕቃ ከኋላ፣ ዝቅ ብሎ ይታሰር፤ ጀርባ ላይ አትሸከሙ።

ጥያቄ፦ ዳገት ላይ ስረግጥ ሰንሰለቴ ይዘላል። ማጥበቅ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፤ ያለቀ ሰንሰለት ቢያጠብቁት አይመለስም። ከ1ኛው ፒን መሐል እስከ 25ኛው ፒን መሐል በማስመሪያ ይለኩ። አዲስ ሰንሰለት 30.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 30.6ን ካለፈ ሰንሰለቱን ብቻ ይቀይሩ፤ 30.8 ከደረሰ የኋላውንም ጥርስ በልቶታልና አንድ ላይ ይቀየሩ። አለበለዚያ አዲሱም በዚያው ዳገት ይዘላል።