ፊክስድ ሮፕ ላይ በግሩፕ ለምትወጡ፦ ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ። ዘንድሮ ተሰባስባችሁ አላስካ ዲናሊ ተራራን ለመውጣት የምታስቡ ስለበዛችሁ፣ ስለ ፊክስድ ሮፕ ያላችሁን ጥያቄ እዚሁ ጣሉት፣ እየተመላለስኩ እመልሳለሁ። ለማያውቅ፦ ቀድሞ ተራራው ላይ ታስሮ የተተወ፣ ሁሉም በየተራ የሚጠቀምበት ገመድ ነው። ጁማር ገመዱ ላይ ወደ ላይ የሚንሸራተት፣ ወደ ታች ሲሳብ ግን ነክሶ የሚይዝ መያዣ ነው፣ ካራቢነር ደግሞ የሚከፈትና የሚዘጋ የብረት ቀለበት።

ጥያቄ፦ ጁማር ካለኝ ተጨማሪ ካራቢነር ምን ያደርግልኛል? ሸክም ነው እኮ

መልስ፦ ኧረ እህቴ እንዳታስቀሪው! ጁማር ጥርሱ ገመዱን እየነከሰ ነው የሚይዝሽ፣ ገመዱ በረዶ ከለበሰ ጥርሱ ይደፈንና ሊንሸራተት ይችላል። ዋናው ጣጣ ግን አንከር ጋ ስትደርሺ ነው፣ ማለት ገመዱ ከተራራው ጋር የታሰረበት ቦታ፣ ጁማሩ ቋጠሮውን ስለማያልፍ የግድ ታወልቂዋለሽ። እና መጀመሪያ ካራቢነሩን ከአንከሩ በላይ ባለው ገመድ ላይ አስገቢና ቆልፊ፣ ሳብ አድርገሽ እዪው፣ ከዛ በኋላ ብቻ ጁማሩን አውልቀሽ ወደ ላይኛው ገመድ አዛውሪው፣ ከሁለቱ አንዱ ሁሌም ገመዱ ላይ መሆን አለበት፣ ሁሌም። ይሄን ወፍራም ጓንት አድርገሽ ቤት ውስጥ ደጋግመሽ ተለማመጂው፣ እዛ ላይ ጣትሽ ደንዝዞ የሚጀመር ትምህርት አይደለም።

ጥያቄ፦ ስምንት ነን፣ አንድ ላይ ገመዱ ላይ ብንሆን ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። በሁለት አንከር መሀል አንድ ሰው ብቻ። ሁለት ከሆናችሁ የላይኛው ሲወድቅ ታችኛው ላይ ነው የሚያርፈው፣ አንከሩም የሁለት ሰው ክብደት ይሸከማል፣ ደግሞ ታችኛው ገመዱን ሲወጥረው ላይኛው ጁማሩን ማውለቅ ያቅተዋል። አንከሩን ያለፈ ሰው "አለፍኩ!" ይበል፣ ንፋስ ካለ ስለማይሰማ የእጅ ምልክት ቀድማችሁ ተስማሙ። እ.ኤ.አ. በ2019 የኤቨረስትን ሰልፍ ፎቶ ያያችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያን ሁሉ ሰው አንድ መስመር ላይ... እኔ ብሆን እመለስ ነበር።

ጥያቄ፦ ተሰቅሎ ያገኘሁትን ገመድ ማመን እችላለሁ?

መልስ፦ በጭፍን አትመን። ፀሐይ ናይለኑን ትበላዋለች፣ ክራምፖን (በረዶ ላይ ለመርገጥ ጫማ ስር የሚታሰረው የብረት ጥርስ) የረገጠው ይቆረጣል፣ ሽፋኑ ተልጦ ነጩ ውስጡ ከታየህ ተወው። ኤቨረስት ላይ የአምናው ገመድ ከዘንድሮው ጎን ተንጠልጥሎ ታገኘዋለህ፣ ስለዚህ ከመንጠልጠልህ በፊት የትኛው እንደሆነ እይ። ዲናሊ ላይ 4,300 ሜትር አካባቢ ካለው ካምፕ በላይ ባለው ገደል አንዱ መስመር ለወጪ ሌላው ለወራጅ ነው፣ አታደባልቁት። ደህናው ገመድም ቢሆን ሊጠፋ ይችላል፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ኬቱ (K2) ተራራ ላይ ከላይ የተገመሰ በረዶ ገመዱን ጠራርጎ ወስዶት ላይ የቀሩት በጨለማ ያለ ገመድ መውረድ ነበረባቸው፣ በዛ አደጋ 11 ሰው ሞቷል። ያለ ገመዱ መውረድ የማትችልበት ቦታ ከሆነ ባትወጣ ይሻልሃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ደብረ ዳሞን በጠፍር ወጥቻለሁ፣ ያው አይደል? 😀

መልስ፦ ጎበዝ! ጠፍሩስ ፊክስድ ሮፕ ነው ብንል አያጣላንም። ግን አስታውስ፣ ወገብህ ላይ ሌላ ገመድ ታስሮ አባ ከላይ ሲስቡህ ነበር፣ እጅህ ቢከዳህ የሚይዝህ ሰው አለ። ዲናሊ ላይ አባ የሉም፣ ያንን ሥራ የሚሠራልህ ያችው ሸክም የተባለችው ካራቢነር ናት።

ጥያቄ፦ ስንወርድ ከሚወጣ ሰው ጋር ብንገናኝስ?

መልስ፦ አንዳችሁ ቁሙ፣ አንዳችሁ እለፉ፣ ማን እንደሚያልፍ በቃል ተነጋገሩ። የሚያልፈው አንዱን ማያያዣ ከሰውየው ወዲያ ያስገባል፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን። የቆመው አይነቃነቅ።

ጥያቄ፦ የጁማሩ ማሰሪያ ስንት ይርዘም?

መልስ፦ ሜትር አትጠይቀኝ፣ ሃርነስህን፣ ማለት ወገብና ጭን ላይ የሚታሰረውን ቀበቶ፣ ልበስና ተንጠልጥለህ ሞክረው። ክንድህን ዘርግተህ ጁማሩን ካልደረስክበት ረዝሟል፣ አሳጥረው።