ኒውክሊዮለሱ ሲደበዝዝ መጀመሪያ ባፈሩን ይጠርጥሩ

አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «የሊምፎሳይት (የነጭ የደም ሴል ዓይነት) ስሚር፣ ማለትም ስላይድ ላይ በስሱ የተቀባ ደም፣ ቶሉዲን ብሉ በሚባል ሰማያዊ ቀለም ቀልሜ የኒውክሊዮለሱን (በሴሉ ኒውክሊየስ ውስጥ ያለውን ትንሽ አካል) ስፋትና የአርኤንኤውን መጠን እለካለሁ። ኒውክሊየሱ በሙሉ ሰማያዊ ይሆንና ኒውክሊዮለሱ አይለይም። የአንድ ሰው ደም ሆኖ ሳለ ውጤቱ ከስላይድ ስላይድ ይለያያል። ባልደረባዬ በየምስሉ ኮንትራስቱን እያስተካከለ ሊያወጣልኝ ሞክሯል።»

እኔ የምጠረጥረው ባፈሩን፣ ማለትም የቀለሙን ፒኤች (የአሲድነት ልክ) የሚያጸናውን ፈሳሽ ነው። ኒውክሊዮለሱ ጎልቶ የሚወጣው ፒኤቹ 5 አካባቢ ሲሆን ነው። ከፍ ካለ ክሮማቲኑም (ዲኤንኤ ያለበት የኒውክሊየሱ ክፍል) ቀለሙን ይጠጣና ሁሉም ነገር ሰማያዊ ይሆናል። አዲስ ባፈር ይበጥብጡና በሜትር ይለኩት። እባክዎ በርካሽ የፒኤች ወረቀት አይመኑ፤ 5ን ከ6 በቅጡ አይለይም፣ የስንቱን ሥራ አበላሽቷል።

ጓንትዎን ግን ያጥልቁ። በሄፓታይተስ ቢ የተያዘ ደም ከደረቀ በኋላ እንኳ ቢያንስ ለ7 ቀን ሊያስይዝ ይችላል። ስሚሩ ስለደረቀ በባዶ እጅ አይነካም።

የባልደረባዎ ማስተካከያ ደግሞ ነገሩን አባብሶታል። ለምን እንደሆነ ልዘርዝረው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በባለ 100 የዘይት ሌንስ የአንድ ነገር ጠርዝ ምንጊዜም 0.2 ማይክሮሜትር ያህል ይደበዝዛል። ኮንትራስት ሲጨመር ሶፍትዌሩ ያንን ድብዝዝ ጠርዝ አንዴ ከውስጥ፣ አንዴ ከውጭ ይቆጥረዋል። ዲያሜትሩ 10 ማይክሮሜትር የሆነ ሴል 10.2 ቢባል ስፋቱ የሚጨምረው 4 በመቶ ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። 1 ማይክሮሜትር የሆነ ኒውክሊዮለስ 1.2 ከተባለ ግን ስፋቱ በ44 በመቶ ያብጣል! ሴሉ ምንም ሳይሆን ኒውክሊዮለሱ ያደገ ይመስላል። ስለዚህ አንድ የጠርዝ መቁረጫ (ሶፍትዌሩ ጠርዙ የት እንደሚያበቃ የሚወስንበትን የጥቁረት ልክ) ይምረጡና ለሁሉም ስላይድ በዚያው ይቆዩ። የካሜራውን ራስ-ሰር ብርሃንም ያጥፉ። በጄፔግ የተቀመጠ ምስል አይለኩ።

ሌላም አለ። ባረፈ ሊምፎሳይት ውስጥ ኒውክሊዮለሱ አብዛኛውን ጊዜ ቀለበት ነው፤ መሃሉ ነጣ ያለ፣ ዙሪያው የጠቆረ። ሶፍትዌሩ ዙሪያውን ብቻ ሊቆጥር ይችላል። መሃሉን ይሙላ ወይስ ይተው የሚለውን ሳይጀምሩ ይወስኑ።

ወደ አርኤንኤው ስንመጣ፣ የቀለም ጥቁረት የሚሰጠን ንጽጽር እንጂ ትክክለኛ ክብደት አይደለም። ሁሉንም ስላይድ በአንድ ቀን፣ በአንድ ብልቃጥ ቀለም ይቀልሙ። በሜታኖል ካጸኑ በኋላ አንዱን ስላይድ በ37 ዲግሪ ለ1 ሰዓት አርኤንኤዝ (አርኤንኤን የሚያፈርስ ኢንዛይም) ውስጥ ይንከሩ። ሌላውን እዚያው ሙቀት ላይ ኢንዛይም በሌለው ባፈር ያቆዩት። ሁለቱን ቀልመው ሲያዩ ኢንዛይም የነካው መገርጣት አለበት። ካልገረጣ ወይ ኢንዛይሙ ሞቷል፣ ወይ ሲለኩት የከረሙት አርኤንኤ አይደለም።

ጓንቱን እደግመዋለሁ። ከደሙ ባሻገር ጣት ላይ አርኤንኤዝ አለ፤ በባዶ እጅ የተነካ ስላይድ ገና ሳይቀለም አርኤንኤውን ሊያጣ ይችላል። አርኤንኤዝ በነካ ጓንትም ሌላውን ስላይድ አይያዙ፤ አውልቀው ይጣሉትና አዲስ ያጥልቁ።