አባቴ ለእጥበት ደሴ ይመላለሳል፤ ሲኒውን እንለይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር። ከኮምቦልቻ ነው የምጽፍልሽ። አባቴ ኩላሊቱ ሥራ ካቆመ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ደሴ እየወጣ ይታጠባል። ሰሞኑን አብሮት የሚታጠብ ሰውዬ «ጉበቱ ላይ ቫይረስ ተገኘ» ተብሎ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ። አባቴ ተመርምሮ ነጻ ነው፤ ግን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አራት ጊዜ ትወጋለህ ተባለ። እናቴ ደንግጣ ሲኒውን ለየችበት። ጎረቤት ደግሞ «የወፍ በሽታ ነው፣ የባህል መድኃኒት አጠጡት» ይላል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ መጀመሪያ ሲኒውን መልሱላቸው። ሄፓታይተስ ቢ አብሮ ቡና በመጠጣት ወይም ከአንድ ትሪ በመብላት አይተላለፍም። ቤት ውስጥ የሚለየው ምላጭ፣ ጥፍር መቁረጫ፣ የጥርስ ብሩሽና መፋቂያ ነው። እሱን ደግሞ በሽታ ኖረም አልኖረም ማንም ባይጋራው ጥሩ ነው። (ቡናው ግን ከቀኑ የፈሳሽ መጠናቸው ላይ ይቆጠር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ከተቀዳ የሚጎዳቸው እሱ ነው።)

የሚያሰጋው የእጥበቱ ወንበር ነው። እኔም የምሠራው እዚሁ ደሴ፣ እጥበት ክፍል ነው። መርፌው ሲነቀል ቦታውን በጥጥ ጫን አድርጌ እይዛለሁ፤ ጓንቴን ደም ይነካዋል። በዚያው ጓንት የቀጣዩን ሰው ማሽን ከነካሁ አለቀ። ዓይን የማያያት ጠብታ ብትደርቅ እንኳ ቫይረሱ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ስለዚህ ጓንት በየሰዉ ይቀየራል፣ እጅ ይታጠባል፣ ወንበሩና ማሽኑ በበረኪና ይወለወላል። ሄፓሪኑም (ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው መድኃኒት) ንጹሕ ቦታ ላይ ለየሰዉ ተቀድቶ ይመጣል እንጂ ብልቃጡ ከወንበር ወንበር አይዞርም። አባትሽ «ልጄ፣ ጓንትሽን ቀይሪ» ቢሉ ነውር የለውም። እኔንም የሚሉኝ አሉ፤ ደስ ይለኛል።

ሰውየው ለብቻ ማሽን የተሰጣቸው ለሌላው ጥንቃቄ ነው። ሰላምታ እንዳትነፍጓቸው። ሄፓታይተስ ሲ ወይም ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ግን ጥንቃቄው ከተጠበቀ ለብቻ ማሽን አያስፈልገውም።

ክትባቱን በተመለከተ፣ ኩላሊት ሲደክም የሰውነት መከላከያም አብሮ ይደክማል። ለጤነኛ አዋቂ 20 ማይክሮግራም የሚሰጠው ለእጥበት ታካሚ እጥፍ፣ 40 ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ዛሬ፣ ከ1 ወር፣ ከ2 ወርና ከ6 ወር በኋላ ነው። ሰው የሚረሳው ያችን የመጨረሻዋን ነው። ከእሷም በኋላ አላለቀም፤ ከ1 እስከ 2 ወር ባለው ጊዜ ክትባቱ መያዙ በደም ምርመራ ይታያል። ውጤቱ 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ ይዟል። ካልሆነ ክትባቱ ይደገማል። የያዘላቸውም በየዓመቱ ይለካሉ፤ እየወረደ ይሄዳልና። ይህን ምርመራ ጠይቃችሁ አሠሩ፤ ዝም ካላችሁ ሊታለፍ ይችላል።

የጎረቤታችሁን መድኃኒት ግን እንዳትሞክሩት። ብዙ ቅጠላ ቅጠል ፖታሲየም አለው። የአባትሽ ኩላሊት ያንን አያስወጣም፤ ሲጠራቀም ልብ ያቆማል። ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ የእጥበት ቀን አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው።