ሐዋርያት አይሁድ ሆነው ሳሉ እኛ ረቡዕና ዓርብ የምንጾመው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ጌታም በሥጋ፣ ሐዋርያትም ከአይሁድ ወገን ናቸው። ታዲያ ከምኩራብ የተለየነው መቼ ነው? የረቡዕና የዓርብ ጾማችንስ ከየት መጣ?

መልስ፦ እኅታችን፣ ልዩነቱ በአንድ ቀን የተፈጸመ አይደለም። ጴጥሮስና ዮሐንስ ከበዓለ ሃምሳ በኋላም በጸሎት ሰዓት፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ ወደ መቅደስ ይወጡ ነበር (ሐዋ. 3፥1)። እ.ኤ.አ. በ49 ገደማ በኢየሩሳሌም የተሰበሰቡት ሐዋርያት ከአሕዛብ ያመኑት እንዲገረዙ አናስገድድም ብለው ወሰኑ፤ ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ከታነቀና ከዝሙት እንዲርቁ ብቻ ጻፉላቸው። ወንጌል ከአሕዛብ መካከል ፈጥኖ እንዲስፋፋ ይህ ውሳኔ ትልቅ በር ከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ70 ሮማውያን ቤተ መቅደሱን ሲያፈርሱ ደግሞ ሁለቱን ወገኖች ያገናኝ የነበረው ስፍራ ጠፋ።

መለየቱ በጾም ቀን ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፈሪሳዊው «በሳምንት ሁለት ጊዜ እጾማለሁ» ሲል (ሉቃ. 18፥12) ሰኞንና ሐሙስን ማለቱ ነው። ዲዳኬ የተባለው ጥንታዊ የሥርዓት መጽሐፍ በምዕራፍ 8 ጾማችሁ ከግብዞች ጋር አይሁን፣ እነርሱ ሰኞና ሐሙስ ይጾማሉ፣ እናንተ ግን ረቡዕና ዓርብ ጹሙ ይላል። ልብ ይበሉ፤ በሳምንት ሁለት ቀን መጾም አልተሻረም፣ የተለወጠው ቀኑ ነው። አባቶች ረቡዕ በጌታ ላይ የተመከረበት፣ ዓርብ የተሰቀለበት ነው ብለው አስተምረውናል። «ግብዞች» የሚለውን ቃል ይዞ ዛሬ አይሁድን መስደብ ግን ከባድ ስሕተት ነው፤ ቃሉ ጌታ ለታይታ የሚጾሙትን የገሠጸበት ነውና ለእኛም ይደርሰናል (ማቴ. 6፥16)።

በተግባር፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም አይቀመስም፤ ከዚያ በኋላም ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበላም። ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ላይ ነው፦ በስድስት ሰዓት ሽሮ በልተን ጾምን እንላለን። የምግቡን ዓይነት ጠብቀን ሰዓቱን ጣልን ማለት ነው። ያ ሰዓት ደግሞ ሐዋርያት ወደ መቅደስ የወጡበት፣ ጌታም በመስቀል ላይ ነፍሱን የሰጠበት ሰዓት ነው። የታመመ ሰውና ነፍሰ ጡር የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ።

ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ ልደትና ጥምቀት በረቡዕ ወይም በዓርብ ቢውሉም እንዲሁ ነው። በቅንነት ተነሣሥተው በእነዚህ ሃምሳ ቀናት የሚጾሙ አሉ፤ ጌታ ራሱን በሙሽራ መስሎ እንዳስተማረው፣ ሙሽራው ከእነርሱ ጋር ሳለ ሚዜዎች አይጾሙምና ይተዉት።