ጥያቄና መልስ፦ ባገባ ይለቀኛል ወይ?

ጥያቄ፦ እንደምን አሉ መምህር? የምኖረው አሜሪካ ነው፤ 28 ዓመቴ ነው። ያደግሁት ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ አሁንም እዘምራለሁ። ወንድ ወድጄ አላውቅም። ልቤ የሚሄደው ወደ ሴት ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ ከማንም ጋር የለሁም። ጾሜያለሁ፣ ሰግጃለሁ፣ ባለፈው ክረምት አገር ቤት ሄጄ ሁለት ሱባኤ ጸበል ተጠምቄያለሁ። የተለወጠ ነገር የለም። አሁን እናቴ አዲስ አበባ ያለ አንድ ጥሩ ልጅ አግኝታልኛለች። ለጥምቀት ቤተሰቦቹ አጎቴ ቤት ሽማግሌ ሊልኩ ነው። ባገባ ይለቀኛል? እግዚአብሔርስ እንዲህ ሆኜ ይቀበለኛል? ወይስ ዝም ብዬ ከቤቱ ልውጣ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ። ከቤቱ አትውጪ። ከሽማግሌው ጉዳይ ግን ውጪ፤ እሱንም ቶሎ።

«ካገባሽ ይለቅሻል» የሚለው ምክር መጽሐፍ ውስጥ የለም። የቡና ላይ ምክር ነው። ይህን ሰምታ ያገባች አንዲት ሴት ከዓመታት በኋላ መጥታ አነጋግራኝ ነበር፤ ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው። «መምህር፣ ማታ የበሩ ቁልፍ ሲንቀጫቀጭ ሆዴ ይቋጠር ነበር» አለችኝ። «እሱ ደግሞ ምንም አላጠፋም። ቀሚስ ይገዛልኛል፣ ለምን አትስቂም ይለኛል።» እሷ ስታለቅስ የማስበው ስለ ሰውየው ነበር። ምን ላይ እንደፈረመ እንኳ አያውቅም።

ተክሊል ምስጢር ነው፤ ለሕመም የሚታዘዝ ክኒን አይደለም። ፍትሐ ነገሥት በ24ኛው አንቀጽ ለጋብቻ የሁለቱን ተጋቢዎች ፈቃድ ይጠይቃል። ያ የአዲስ አበባ ልጅ ምኑን አውቆ ነው የሚፈቅደው? ቪዛ ይጠብቃል፣ ሥራውን ይለቃል፣ እናቱን ስሞ አውሮፕላን ይሳፈራል። ከዚያ አንድ አልጋ ላይ ብቻውን ይተኛል። ይህን በእሱ ላይ ማድረግ ኃጢአት ነው። የአንቺን ስሜት ኃጢአት ነው ከማለቴ በፊት ይህን እላለሁ።

ስሜቱንስ? እዚህ ላይ አልሸፋፍንልሽም። ቤተ ክርስቲያናችን ጋብቻን የምታውቀው በወንድና በሴት መካከል ነው፤ ጌታም በማቴዎስ 19 ስለ ትዳር ሲጠየቅ የመለሰው ወደ ፍጥረት መጀመሪያ ተመልሶ ነው። ከዚያ ውጭ ያለውን ሩካቤ አትባርክም። እኔም የማስተምረው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ሰው ሳይመርጠው የሚመጣበትን መሳብ ራሱን ኃጢአት የሚል ጥቅስ አላገኘሁም። ያዕቆብ በመልእክቱ ምኞት «ፀንሳ» ኃጢአትን ትወልዳለች ነው የሚለው። ያልተወለደ ልጅ ስም አይወጣለትም።

ስለ ሰዶም ብዙ ሰምተሽ ይሆናል። ቃሉ እኛ ዘንድ ስድብ ሆኗል። ዘፍጥረት 19 ላይ የከተማው ሰዎች የሎጥን ቤት ከበው የመጡት እንግዶችን በጉልበት ሊደፍሩ ነው። ሕዝቅኤል 16፥49 የሰዶምን ኃጢአት ሲዘረዝር የሚጀምረው ከትዕቢትና ከጥጋብ፣ የድሀውን እጅ ካለማበርታት ነው። ርኩሰቱን ከዚያ ቀጥሎ ያነሳዋል፤ ይሁዳም በመልእክቱ ዝሙቱን ይጠቅሳል፤ ያንን አልሰርዝም። ግን ጸጥ ብላ ጥግ ላይ ቆማ የምታስቀድስ ልጅ ከዚያ ከበባ ጋር ምን አገናኛት?

ሴቶችን በስም የሚያነሳው ሮሜ 1፥26 ነው። የሌዋውያን ሕግ የሚናገረው ለወንዶች ነው። ጳውሎስ ግን ሴቶቹም ከባሕርያቸው ውጭ ሄዱ ይላል። አንዳንድ ሊቃውንት ይህ ስለ ጣዖት አምላኪዎች ብቻ ነው ይላሉ፤ ክርክሩን አንብቤዋለሁ፣ አላሳመነኝም። ይሁን እንጂ ጳውሎስ የት እንደሚያደርሰን ተመልከቺ። አንባቢው «በላቸው!» እያለ ምዕራፉን ሲጨርስ ምዕራፍ 2 በሩ ላይ ይይዘዋል፦ አንተ የምትፈርድ ሰው ሆይ፣ የምታመካኘው የለህም። አንደኛ ቆሮንቶስ 6ም እንዲሁ ነው። የእግዚአብሔርን መንግሥት አይወርሱም ከተባሉት መካከል «ከወንድ ጋር ዝሙት የሚሠሩ» አሉ፤ አንድ ቁጥር ወረድ ስትዪ «ተሳዳቢዎች» አሉ። በዚህ በሁለተኛው ላይ የተሰበከ ስብከት ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔም አልሰበክሁም፤ ጥፋቴ ነው።

እዚያ አገር ሌላ ነገር የሚነግርሽ ካህንም ታገኛለሽ። እ.ኤ.አ. በ2009 የስዊድን ቤተ ክርስቲያን የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ መፈጸም ጀመረች፤ የአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያንም በዚያው ዓመት እንዲህ በአንድነት የሚኖሩ ሰዎች መጋቢ እንዲሆኑ ፈቀደች። የእኛው መካነ ኢየሱስ በ2013 ከሁለቱም ጋር ያላትን ኅብረት ያቋረጠችው በዚህ የተነሳ ነው። በ2023 መጨረሻ ሮም ጥንዶችን መባረክን በተመለከተ መመሪያ ስታወጣ፣ የግብፅ ቤተ ክርስቲያን በማግሥቱ ዓመት ከሮም ጋር የነበራትን ውይይት አቆመች። ይህን የምነግርሽ ሰዎቹን እንድትጠዪ አይደለም። ጉዳዩ አብያተ ክርስቲያናትን ያለያየ ከባድ ጉዳይ ስለሆነ ብቻሽን በሌሊት ልትፈቺው አትሞክሪ።

የእኛ መንገድ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ያለ ትዳር ኑሪ ማለት በአፍ ቀላል ነው። ጌታ ከባድ ሸክም በሰው ትከሻ ጭነው በጣታቸው የማይነኩትን ወቅሷል። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ባለትዳሩ ሁሉ ልጁን ይዞ ወደየመኪናው ሲሄድ አንቺ ስልክሽን እያየሽ ትቀሪያለሽ። ንጽሕናን የሚሰብክሽ ሰው ለምሳ ቤቱ ካልጠራሽ ስብከቱ ግማሽ ነው። ደግሞ «መንኩሺ» የሚሉሽን አትስሚ። ምንኩስና ጥሪ ነው እንጂ ሰው የሚደበቅበት ጓዳ አይደለም።

ጸበሉን አትተዪ፤ እምነት ነው። ግን እንደ በሽታ ይዘሽው አትሂጂ። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ከበሽታ ዝርዝር አውጥቶታል። የንስሐ አባትሽ ዘንድ ሂጂ። ለእሳቸው የምትናዘዢው ያደረግሽውን ነው፤ የሚሰማሽን ደግሞ እንደ ልጅ ታማክሪያቸዋለሽ። የንስሐ ምስጢር አይወጣም። ፈተና ስላለብሽ ብቻ ከቁርባን አትከለከዪም።

ጃንደረባው ባኮስን ታውቂዋለሽ፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8። የኦሪት ሕግ እንደ እሱ ያለ ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ አይግባ ይላል። እሱ ግን ከኢትዮጵያ ድረስ ሊሰግድ ሄደ። ሲመለስ ሠረገላው ላይ ያነበው የነበረው ኢሳይያስ 53ን ነው። ከዚያው ጥቅልል ሦስት ምዕራፍ ቢቀጥል ስለ ጃንደረቦች የተጻፈውን ያገኛል፦ በቤቴ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም እሰጣቸዋለሁ። የእሱና የአንቺ ጉዳይ አንድ ነው አላልኩም። ግን ውሃ አይቶ «እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» ሲል ፊልጶስ አብሮት ወደ ውሃው ወረደ።

አሁን ወደ ጥምቀቱ ሽማግሌ። ለእናትሽ «እማዬ፣ ይህን ልጅ አላገባውም፤ እሱንም መበደል ነው» በያት። ምክንያቱን ዛሬ የመዘርዘር ግዴታ የለብሽም። አገር ቤት የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ድርጊቱን በእስራት ያስቀጣል፤ ወሬ ደግሞ ከሕግ ይፈጥናል። ለአጎትሽ ቤት የሚበቃው «አልፈለገችም» የሚለው ነው። እናትሽ ካስጨነቀችሽ ስልኩን ለእኔ ስጪያት። ስለ ጋብቻ ፈቃድ አነጋግራታለሁ፤ የነገርሽኝን ግን ከእኔ አፍ አትሰማም።