የድንች ቲሹ ካልቸራችን ለምን ይበከላል?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን አነስተኛ የቲሹ ካልቸር (ከተክል ቁራጭ በብልቃጥ ውስጥ ችግኝ የማባዛት ዘዴ) ክፍል ከፍተን የድንች ዘር እናባዛለን። ሚዲያውን (ቡቃያው የሚያድግበትን ምግብ) በኦቶክሌቭ (በታመቀ እንፋሎት ጀርም በሚገድል ዕቃ) በ15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ግፊት ለ15 ደቂቃ ከጀርም እናጸዳለን፤ ቡቃያውንም በአልኮልና በበረኪና እናጥባለን። ይሁንና በሳምንት ውስጥ ብዙዎቹ ብልቃጦች ጥጥ የመሰለ ሻጋታ ወይም ወተት የመሰለ ዝልግልግ ነገር ያወጣሉ። የአየር ማጣሪያውን ብንቀይርም ለውጥ አላየንም። ችግሩ ከምን ይሆን?

መልስ፦ ሌላ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት፣ በአንድ ዙር ካዘጋጃችኋቸው ብልቃጦች አሥሩን ምንም ሳትተክሉባቸውና ሳትከፍቷቸው ለአንድ ሳምንት በማሳደጊያው ክፍል አስቀምጡ። እነዚህም ከተበላሹ ጥፋቱ የቡቃያው ሳይሆን የማጽዳቱ ሥራ ወይም የክዳኑ ነው።

እኛ በይበልጥ የምንጠረጥረው ኦቶክሌቩን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈላል፤ የባቄላ ንፍሮ በሸዋ ሮቢት ቶሎ በስሎ በእናንተ ዘንድ የሚዘገየውም በዚሁ ምክንያት ነው። 15 ፒኤስአይ 121 ዲግሪ ይሰጣል የሚባለው ለባሕር ወለል ሲሆን፣ የተለመደው የግፊት መለኪያ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ጭማሪ ብቻ በመሆኑ፣ አየሩ በሳሳበት በእናንተ ከተማ መርፌው 15 ላይ ሲቆም የእንፋሎቱ ሙቀት 116 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። አምስት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ሙቀት የሚቋቋሙትን የባክቴሪያ ስፖሮች (ባክቴሪያው ክፉ ጊዜን የሚያልፍባቸው ጠንካራ ቅርጾች) ለመግደል የሚያስፈልገውን ጊዜ ሦስት እጥፍ ያህል ያራዝመዋል። ስለዚህ ከግፊቱ ይልቅ የውስጡን ሙቀት ለኩ፤ አየሩም በሙሉ በቫልቩ ሳይወጣ ጊዜ መቁጠር አትጀምሩ። የዕቃው አምራች የፈቀደው ጣሪያ የሚያስችል ከሆነ ግፊቱን ወደ 19 ወይም 20 ከፍ አድርጉ፤ የማያስችል ከሆነ ግን ፈጽሞ አትድፈሩ፣ ጊዜውን ወደ 45 ደቂቃ አራዝሙት። ያን ጊዜ ስኳሩ በመጠኑ ሊጠቁር፣ ሚዲያውም አሲድነቱ ሊጨምር ይችላል፤ ከሚበላሸው ብልቃጥ አንጻር ግን ቀላል ኪሳራ ነው። ኦቶክሌቫችሁ በግፊት ሳይሆን በሙቀት የሚቆጣጠር ከሆነ ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም።

ባዶዎቹ ንጹሕ ሆነው የተተከለባቸው ብቻ ከተበላሹ፣ ብክለቱ የጀመረበትን ቦታ አስተውሉ። ከቡቃያው ርቆ እዚህም እዚያም የበቀለ ሻጋታ ብዙውን ጊዜ ከአየር ወይም ከእጅ የመጣ ነው። በተቆረጠው የግንዱ ጫፍ ዙሪያ የሚታየው ወተታማ ቀለበት ግን በተክሉ ውስጥ ከኖረ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ በረኪና ደግሞ ከላይ እንጂ ከውስጥ አያጸዳም። አንቲባዮቲክ መጨመርም ባክቴሪያውን አብዛኛውን ጊዜ ከማዳከም አያልፍም፣ መድኃኒቱ ሲቀር ተመልሶ ይመጣል። የሚሻለው በማይክሮስኮፕ እየታየ ከቡቃያው አናት ግማሽ ሚሊሜትር የምታህለውን ጫፍ ብቻ ቆርጦ እንደ አዲስ መጀመር ነው። ምላጩንም በየቡቃያው መካከል በእሳት ለብልቡት፣ አልኮል ስፖር አይገድልምና።

የተበከሉትን ብልቃጦች ለማጠብ ስትሉ ክዳናቸውን አትክፈቱ፤ እንደተዘጉ እንደገና በኦቶክሌቭ አሳልፏቸው፤ አለዚያ ስፖሩ በክፍሉ ይበተናል።